ፊደል ቁጥር እስኪያገኝ፦ የሳይንስ ጽሑፍ አሰናዳድ ከሐረር ማተሚያ ቤት እስከ ጭሮ

የሐረርጌውን ጨርጨር ከጣሊያን ወረራ በፊት ካስተዳደሩት ሹማምንት ሁለቱ የመጽሐፍ ሰዎች ነበሩ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው የተመለሱ፣ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የጻፉ፣ በ1931 የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዛሬዋን ጭሮ አሰበ ተፈሪ ብለው የቆረቆሯትም እሳቸው ናቸው፤ ጨርጨርን ለሌላው አገር አርአያ የሚሆን ግዛት ለማድረግ ሲነሡ ከተማዋ የዚያ ሥራ መቀመጫ ሆነች። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ደግሞ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኮንን እጅ ሕንድ ደርሰው ሕክምና የተማሩ ናቸው። በ1930ዎቹ የጨርጨር ገዥ ከመሆናቸው በፊት የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ ጽፈው አሳትመዋል።

ለዚህ ጥናት መነሻ የሚሆነን የሐኪም ወርቅነህ መጽሐፍ ነው። ጂኦግራፊ ቁጥር የበዛበት ትምህርት ነው፤ ከፍታ፣ ርቀት፣ የሕዝብ ብዛት፣ የባዕድ አገር ስም። ደራሲው በእጁ የጻፈውን እንዲህ ያለ ነገር ገጽ ላይ የሚያሰፍረው ሌላ ሰው ነበር፦ ፊደል ለቃሚው። ደራሲ ይጽፋል፣ ለቃሚ ይለቅማል፣ አራሚ ያርማል፣ አታሚ ያትማል። የሳይንስ ጽሑፍ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሲያልፍ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ይጎዳል፤ አንድ ቁጥር ዝቅ ብሎ መቀመጥ ሲገባው ከመስመሩ እኩል ከተቀመጠ ትርጉሙ ይለወጣልና። የምተርከው ታሪክ ያ ሰንሰለት አጥሮ አጥሮ በደራሲው እጅ እንዴት እንደገባ፣ ለአማርኛ ደግሞ ይህ ለምን እንደዘገየ ነው።

ሐረርጌ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቀዳሚ ቦታ አላት። የግዕዝ ፊደል በማተሚያ የወጣው በ1513 ሮማ ላይ ዮሐንስ ፖትከን ባሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው፤ አገር ቤት ግን ማተሚያ እስኪገባ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አልፏል። ሐረር ላይ በቅዱስ አልዓዛር የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር የነበሩት የካፑቺን ሚስዮናውያን ማተሚያ አቋቁመው በ1905 «ለ ሰመር ደቲዮፒ» የተባለውን ጋዜጣ ማውጣት ጀመሩ። ማተሚያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ድሬዳዋ ወረደ። ምክንያቱ ለመገመት አያስቸግርም፦ የምድር ባቡሩ ሐረርን ትቶ ከ1902 ማብቂያ ጀምሮ ድሬዳዋ ደርሷል፤ ወረቀት፣ ቀለምና እርሳስ የሚመጣው በሐዲዱ ነው። ሐዲዱ ከዚያ በሚኤሶ በኩል ወደ አዋሽ ቀጥሎ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በ1921 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ያቋቋሙት ማተሚያ፣ ኋላ ብርሃንና ሰላም የተባለው፣ የአገሪቱን የኅትመት ሥራ ማዕከል ወደ አዲስ አበባ ሳበው።

የእርሳስ ፊደል መልቀም ለላቲን ፊደል ራሱ አድካሚ ነው። ለአማርኛ የሚሆነው ሣጥን ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት በየሰባት ቤታቸው፣ ማለትም 231 ቀዳዳ፣ ከዚያም እነ ሏንና ቋን፣ ሃያውን የግዕዝ አኃዝ፣ የሥርዓተ ነጥብ ምልክቶቹን ጭምር መያዝ አለበት። ለቃሚው ሣጥኑን በእጁ ያውቀዋል። የሒሳብ ቀመር ሲመጣ ግን የእጁ ልምድ አይረዳውም፤ ክፍልፋዩን፣ ሥሩን፣ ከፍ ብሎ የሚቀመጠውን አነስተኛ ቁጥር አንድ በአንድ ከስስ እርሳስ እያስደገፈ ይገነባል። በአውሮፓና በአሜሪካም ቢሆን ሒሳብ ያለበት ገጽ ከተራው ገጽ እጅግ የሚወደደው በዚሁ ምክንያት ነበር። የጽሕፈት መኪና ሲስፋፋ ደግሞ ችግሩ በሌላ መልክ መጣ፦ ቃሉን በመኪና፣ ቀመሩን በብዕር። በዚያ ዘመን የተሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ ያገላበጠ ሰው በታይፕ መስመሮች መካከል በጥቁር ቀለም በጥንቃቄ የተሣሉትን ምልክቶች ያስታውሳል።

መፍትሔው የመጣው ካልተጠበቀ ወገን ነው። ዶናልድ ክኑዝ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ሳሉ፣ ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም አሠራር በተከታታይ ቅጾች የሚያሳትሙት ትልቅ መጽሐፍ ነበራቸው። የመጀመሪያው እትም በእርሳስ ተለቅሞ የወጣ ውብ ሥራ ነበር። በ1977 የሁለተኛው ቅጽ ሁለተኛ እትም የሙከራ ገጾች በእጃቸው ሲገቡ ግን አሳታሚው ወደ ፎቶ ኅትመት ተሻግሮ ኖሮ መልኩ ተበላሽቶ አገኙት። መጽሐፉን ወደ ጎን አድርገው ገጽ የሚያሰናዳ ፕሮግራም ራሳቸው ለመጻፍ ተነሡ፤ አጭር ሥራ መስሏቸው የጀመሩት ዓመታት ወሰደባቸው። የመጀመሪያው «ቴክ» በ1978 ሠራ፤ በ1982 ከሥሩ እንደገና ተጻፈ። ፊደል የሚቀርጽ «ሜታፎንት» የሚባል አጋር ፕሮግራምም ጨመሩለት። ሁሉንም በነጻ ለቀቁት። ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ አጋማሽ በቴክ ላይ የገነቡት «ላቴክ» ደግሞ ለተራው ተመራማሪ በሩን ከፈተለት፤ ዛሬ ብዙ የሒሳብና የፊዚክስ መጽሔቶች ጽሑፍ የሚቀበሉት በላቴክ ነው። አንድ ግጥምጥሞሽ ላንሣ፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ መጽሔት «ሳይኔት» የመጀመሪያ ቅጹን ያወጣው በዚያው በ1978 ነው። ቴክና ሳይኔት ዕድሜያቸው እኩል ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። እንደ ወርድ ባለው ፕሮግራም ጸሐፊው ርእሱን ይመርጣል፣ ያደምቃል፣ ያተልቃል፤ የሚያየውን ገጽ በእጁ ያበጃጃል። በላቴክ ግን ጸሐፊው ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው የሚጽፈው፤ ከጽሑፉ መካከል ወደ ኋላ ባዘመመ ጭረት የሚጀምሩ ትእዛዞችን ያስገባል። «ይህ ምዕራፍ ነው»፣ «ይህ የግርጌ ማስታወሻ ነው»፣ «ይህ ሠንጠረዥ ነው» ይላል እንጂ ምን ያህል እንደሚተልቅ አይናገርም። ቀመሩን በሁለት የዶላር ምልክቶች መካከል ያኖረዋል፤ ክፍልፋይ ከሆነ የክፍልፋይ ትእዛዝ ጽፎ ላይኛውንና ታችኛውን በየቅንፋቸው ያስቀምጣል። ከዚያ ፕሮግራሙ ፋይሉን አንብቦ ገጹን ያሰናዳል፤ የሚወጣው ፒዲኤፍ ነው። የምዕራፍ ቁጥር፣ የቀመር ቁጥር፣ ማውጫው፣ «በሠንጠረዥ 3 እንደታየው» የሚለው ማመልከቻ ሁሉ በራሱ ይቆጠራል። ሦስተኛው ሠንጠረዥ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ቢገባ ቁጥሮቹ ሁሉ ይስተካከላሉ፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ለአማካሪው ደጋግሞ የመለሰ ተማሪ ይህ ምን ያህል ሌሊት እንደሚያተርፍለት ያውቀዋል።

ለታሪክ ሰው ደግሞ ሌላ ዋጋ አለው። ክኑዝ ፕሮግራሙን ከዚህ በኋላ አልለውጠውም ብለው ስሕተት ብቻ ያርማሉ፤ በታረመ ቁጥር የስሪት ቁጥሩ አንድ አኃዝ እየጨመረ ወደ ፓይ ይጠጋል። በዚህ ምክንያት ከሠላሳ ዓመት በፊት የተጻፈ የቴክ ፋይል ዛሬም ያንኑ ገጽ ይሰጣል። በዚያው ዘመን በአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ስለተጻፉት ሰነዶቻችን እንዲህ ማለት አይቻልም፤ ነገሩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው።

ቴክ ነጻ ነበር፤ ማንም ሊወስደው፣ ሊያስተካክለው ይችል ነበር። እንግዲያው ለአማርኛ ለምን ወዲያው አልሠራም? ብዙ ሰው የቋንቋውን አስቸጋሪነት ወይም የአገሩን ድህነት ያነሣል። ከፕሮግራሞቹ ጋር ተያይዘው የቀሩት መግለጫዎች የሚያሳዩት ሌላ ነው፦ ችግሩ ቁጥር ነበር። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። የቴክ የፊደል ፋይል ከ256 በላይ ቅርጽ መያዝ አይችልም፤ ግብአቱማ እስከ 1990 ድረስ ከ128 አያልፍም ነበር። 231 ፊደል፣ ከዚያ ዲቃላዎቹ፣ አኃዙና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከ256 ያልፋሉ። ከዚህም የባሰው፣ የትኛው ፊደል የትኛውን ቁጥር እንደሚይዝ የተስማማ አልነበረም።

በ1980ዎቹ ፍስሐ አጥላው በአሜሪካ ለኢትዮጵያ ፊደል የመጻፊያ ፕሮግራም ከሠሩት ቀዳሚዎች አንዱ ነበሩ። ሌሎችም ተከተሉ፤ በ1990ዎቹ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ በየመሥሪያ ቤቱና በየታይፕ ቤቱ ገቡ። ለዕለት ሥራ እጅግ ጠቅመዋል፤ የዚያን ዘመን ደብዳቤ፣ ጋዜጣና መጽሐፍ የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱ የቁጥር አሰጣጥ ነበረው። ባንዱ የተጻፈ ሰነድ ሌላው ባለበት ማሽን ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ቁልል ይሆናል። ሰነዱ ሲሰደድ ፎንቱም አብሮት ካልተሰደደ የሚያነበው የለም።

ይህን ጉድለት ለማለፍ የመጀመሪያው ሥርዓት ያለው መንገድ ፊደሉን በላቲን ፊደል አማካይነት መጻፍ ሆነ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ ያዘጋጁት «ሴራ» የሚባለው አጻጻፍ የየትኛውም ኮምፒውተር ቁልፍ ገበታ ላይ ባሉት ፊደላት ብቻ አማርኛን፣ ትግርኛንና ግዕዝን ያለ ጉድለት ለመመዝገብ የታሰበ ነው። ብልሃቱ በትልቁና በትንሹ የላቲን ፊደል መካከል ያለውን ልዩነት መጠቀም ነው። ትንሹ ቲ ት ነው፣ ትልቁ ቲ ጥ። ትንሹ ሲ ች ነው፣ ትልቁ ሲ ጭ። ትንሹ ኤስ ስ ነው፣ ትልቁ ጽ። አናባቢ ካልተከተለው ሳድስ ነው፤ ሲከተለው በአናባቢው ዓይነት ቤቱ ይለያል። «ጭሮ» እንግዲህ በሦስት ምልክት ያልቃል፦ ትልቅ ሲ፣ ትንሽ አር፣ ትንሽ ኦ።

በጭሮ ጎዳናዎች ግን ያው ስም በላቲን ፊደል በሌላ ሥርዓት ይጻፋል። አፋን ኦሮሞ ከ1991 ጀምሮ በይፋ የሚጻፍበት ቁቤ ጭን በሲ ብቻ፣ ችን በሲና በኤች ይጽፋል፤ የከተማይቱ ስምም በሲ ተጀምሮ በሁለት ኦ ያልቃል። ኤክስ የምትባለው ፊደል በሴራ ሽ ስትሆን በቁቤ ጥ ናት። ሁለቱ ሥርዓቶች በተለያየ ቦታና ለተለያየ ዓላማ የተበጁ ናቸው፤ አንዱ የሕዝብ ፊደል ነው፣ ሌላው የማሽን መሸጋገሪያ። ለዚህ ታሪክ ግን ልዩነቱ አንድ ከባድ ውጤት አለው። ቁቤ ከእንግሊዝኛው ሃያ ስድስት ፊደላት ውጭ ምልክት የተጫነበት ፊደል ስለማያውቅ በ1978 በወጣው ቴክ ላይ እንኳ ያለ አንዳች ጭማሪ ሊጻፍበት የሚችል ነው። ለጉሮሮ ድምፅ የሚገባው ነጠላ ጥቅስም ሳይቀር በቴክ ራሱ ቆልመም ብሎ አምሮ ይወጣል። የሚያስቸግረው የመስመር መጨረሻ ነው፦ ካልተከለከለ ቴክ ቃሉን በእንግሊዝኛ የቃል አሰባበር ደንብ ይሰብረዋል፤ አንድ የኦሮሞኛ ቃል በማይሆን ቦታ ተቆርጦ በጭረት ይቀራል። የሒሳብ ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ በሚሰጥበት አገር ይህን ማወቅ ለመጽሐፍ አዘጋጅ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ፊደሉ እንመለስ። ለላቴክ የአማርኛ ጥቅል ያበጀው ቡድን የተሰባሰበው በሐምቡርግ ነው። ብርሃኑ በየነ፣ ማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ኦላፍ ኩመርና ዮኸን ሜትዚንገር «ኢትዮፕ» የተባለውን ጥቅል አወጡ። ፊደሎቹ በሜታፎንት የተቀረጹ ናቸው፤ ማለትም እያንዳንዱ ፊደል የተሣለ ሥዕል ሳይሆን የብዕሩን ጉዞ የሚገልጽ አጭር ፕሮግራም ነው። ላቴክን ለልዩ ልዩ ቋንቋዎች በሚያስማማው «ባቤል» ውስጥም አማርኛን እንደ አንድ ቋንቋ አስገቡት። ጽሑፉ በላቲን ፊደል ይገባል፣ በፊደል ይወጣል። በዚህ ጥቅል ቀመርና አማርኛ ባንድ ገጽ፣ ባንድ ፕሮግራም፣ ያለ ብዕር ጭማሪ ተገናኙ። የአራቱን ስም ዘርዝሬ የጻፍኩት ባለውለታ ስለሆኑ ነው፤ በኢትዮጵያ የኅትመት ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ከፖትከን ቀጥሎ ሊጠሩ የሚገባቸው ሆነው ሳለ ስማቸው የሚገኘው ከፕሮግራሙ ጋር በተያያዘው መግለጫ ላይ ነው።

ሌላው የዚያ ዘመን ሥራ ከጃፓን የመጣ ነው። «ኢማክስ» የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም በ1997 የብዙ ቋንቋ ፊደሎችን መቀበል ሲጀምር የኢትዮጵያ ፊደል አብሮ ገባ፤ ይህን ክፍል የጻፉት ናኦቶ ታካሃሺ ናቸው። በሴራ የተጻፈውን ወደ ፊደል፣ ፊደሉን ወደ ሴራ፣ ከዚያም ፊደሉን ወደ ቴክ ትእዛዝ የሚለውጡ መሣሪያዎች በውስጡ አሉ። አንድ ጃፓናዊ ተመራማሪ የራሱ ያልሆነውን ፊደል ለሌላ ሕዝብ ብሎ እንዲህ በጥንቃቄ መደልደሉ የሚያስመሰግን ነው።

ቁርጡ የታወቀው በመስከረም 1999 ነው። ዩኒኮድ የዓለምን ፊደሎች ሁሉ ባንድ መዝገብ ለመቁጠር የተነሣ ሥርዓት ሲሆን፣ በሦስተኛው ስሪቱ የኢትዮጵያን ፊደል 345 ምልክቶች አድርጎ መዘገበ። ፍስሐ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብ ለዚህ ከደከሙት መካከል ናቸው። ሀ 4608 ሆነ፣ ሁ 4609፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጠው፤ ሰባቱ ለሰባቱ ቤት፣ ስምንተኛው ለዲቃላው። ስለዚህ ለ 4616 ነው፣ ሏ 4623። «ጭሮ» ማለት ለኮምፒውተር 4909 እና 4654 ነው፤ ፎንቱ ቢለወጥ፣ ማሽኑ ቢለወጥ፣ አገሩ ቢለወጥ ያው ነው። በ2005 እና ከዚያ በኋላም ለሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደሎች ተጨመሩ።

ፊደሉ ቁጥር ቢያገኝም የክኑዝ ቴክ ከ256 በላይ አያይም ነበር። ይህን ግድግዳ ካፈረሱት አንዱ ጆናታን ኪው ናቸው። በ2004 «ዚቴክ» የተባለውን ልጅ ፕሮግራም ለማኪንቶሽ አወጡ፤ በ2006 ለሌሎች ኮምፒውተሮችም ደረሰ። ዚቴክ ግብአቱን በዩኒኮድ ያነባል፣ በኮምፒውተሩ ላይ የተጫነውን ማንኛውንም ፎንት ይጠቀማል። ኪው ይሠሩበት የነበረው ኤስ አይ ኤል የተባለው ድርጅት «አቢሲኒካ» የሚባለውን ነጻ የግዕዝ ፎንት ያወጣውም ነው። ከዚህ በኋላ አማርኛን በላቴክ ለመጻፍ የላቲን ፊደል ድልድይ ማስፈለጉ ቀረ፤ ጸሐፊው አማርኛውን በአማርኛ ይጽፋል።

አንድ ነገር ግን ቀረ፤ እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚማርከኝም እሱ ነው፦ መስመር የት ይሰበራል? ቴክ አንቀጹን መስመር በመስመር አይሰብርም፤ አንቀጹን በሙሉ አይቶ፣ ሊሰበር የሚችልባቸውን ቦታዎች ሁሉ አመዛዝኖ፣ በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ከመስመር መስመር እንዳይበላለጥ የሚያደርገውን ይመርጣል። ለዚህ ግን ቃል የሚሰበርበትን ቦታ ማወቅ አለበት። አማርኛ ግሡ እየረዘመ፣ ባለቤቱና ተሳቢው በአንድ ቃል ውስጥ እየታጨቀ የሚሄድ ቋንቋ ስለሆነ፣ ቃሉ አይሰበር ከተባለ በጠባብ ዓምድ ላይ ሰፋፊ ባዶ ቦታዎች ይፈጠራሉ፤ ጋዜጦቻችን ላይ የምናየው ነው። ጥንታዊው የብራና ጸሐፊ ይህ ጭንቀት አልነበረበትም። በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ እየጻፈ፣ መስመሩ ሲሞላ ቃሉን ከደረሰበት ፊደል ላይ ትቶ ቀሪውን በሚቀጥለው መስመር ይጀምራል፤ ጭረት አያደርግም፣ ቃሉ ማለቁን የሚነግረው ሁለት ነጥቡ ነውና። ለቴክ የኢትዮጵያ ፊደል የቃል አሰባበር መዝገብ ያዘጋጁት አርተር ሮይተናወርና ሞይካ ሚክላቬትስ የተከተሉት በመሠረቱ ይህንኑ የብራና ልማድ ነው፤ በፊደልና በፊደል መካከል መስበርን ይፈቅዳል። ሁለት ነጥብ በባዶ ቦታ በተተካበት በዛሬው አጻጻፍ ግን ያለ ጭረት የተሰበረ ቃል አንባቢን ሊያደናግር ስለሚችል፣ የሳይንስ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው በሰፊ ዓምድ ላይ መሰበሩን ቢከለክል የተሻለ ይመስለኛል። በጠባብ ዓምድ ግን የአባቶቹን መንገድ መያዝ ነው።

በጭሮ ዛሬ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ስሙን የወሰደው በበዴሳ አቅራቢያ ካለው ጥንታዊ የገዳ ሥፍራ ነው። ከሱ በፊት የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በከተማይቱ ካምፓስ ነበረው። ሐረማያ ራሱ በ1950ዎቹ ከኦክላሆማ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመ የግብርና ኮሌጅ ስለነበረ የትምህርቱ ቋንቋ ከመነሻው እንግሊዝኛ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ዛሬም የሚጻፈው ባብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ በሂርናም ሆነ በገለምሶ፣ በላቴክ ለመጀመር የሚያስብ ሰው እንግዲህ ሦስት ቋንቋ በእጁ አለው፦ እንግሊዝኛ ለዩኒቨርሲቲው፣ አፋን ኦሮሞ ለትምህርት ቤቱና ለመሥሪያ ቤቱ፣ አማርኛ ለሌላው አገር አንባቢ። ሦስቱም ባንድ ፋይል ይገባሉ።

ጀማሪው የሚገጥመውን ደግሞ ከላይ ያለው ታሪክ አስቀድሞ ይነግረዋል። የተለመደውን የላቴክ ፕሮግራም ከፍቶ «ጭሮ» ብሎ ቢጽፍ፣ ይህን ፊደል አላውቀውም የሚል የስሕተት መልእክት ይመጣበታል፤ የ256ቱ ግድግዳ ማለት ነው። በዚቴክ ላይ ወደሚሠራው ላቴክ፣ ወደ «ዚላቴክ»፣ ቢቀይር መልእክቱ ይጠፋል፤ ነገር ግን ፎንት ካልመረጠ ገጹ ባዶ ይወጣል፣ አንድ ፊደል እንኳ አይታይም። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ ራሱ የሚጠቀምበት ፎንት ውስጥ ጭ የለችም፣ ያንንም የሥራ መዝገቡ ላይ ጽፎት ያልፋል። ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው በዚህች ባዶ ገጽ ላይ ስለሆነ የሥራ መዝገቡን ከፍቶ ማየት የመጀመሪያው ልማድ ይሁን። አቢሲኒካን ወይም «ኖቶ» ከሚባሉት ፎንቶች የኢትዮጵያውን ሲመርጥ ፊደሉ ይመጣል። አቢሲኒካ ውብ ነው፤ ደማቅ ቅርጽ ግን የለውም፣ ስለዚህ ርእሶቹ ካልደመቁ ጸሐፊው ስሕተት አልሠራም። ደማቅ የሚፈልግ ኖቶን ይውሰድ። ቋንቋውን አማርኛ ብሎ ካስታወቀ ደግሞ ምዕራፉ «ምዕራፍ» ተብሎ ይወጣለታል። ቀመሮቹ በዓረብ አኃዝ ይቆያሉ፤ የግዕዙ አኃዝ ዜሮም የቦታ ዋጋም ስለሌለው ለስሌት አልተበጀም። ለምዕራፍና ለመግቢያ ገጾች ቁጥር ግን ክቡር ቦታው ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ የዋቢ መጻሕፍት ዝርዝር ነው፤ በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፣ የሰው ስም የሚያበላሽ ነገር ነውና። ኦረን ፓታሽኒክ በ1980ዎቹ የጻፉት «ቢብቴክ» ዋቢዎችን በራሱ ይሰበስባል፣ ይደረድራል። ነገር ግን ስምን የሚያውቀው በአውሮፓ ልማድ ነው፦ የመጨረሻው ቃል የቤተሰብ ስም፣ የቀረው ሁሉ የተጸውኦ ስም። «ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም» ብለው ቢሰጡት የጭሮን መሥራች «ማርያም» በሚል ስም በመ ሥር ያስቀምጣቸዋል፤ «ተክለ ሐዋርያት» የሚለው አንድ ስምም በሁለት ይሰነጠቃል። የኢትዮጵያ ጥናት መጻሕፍት ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም መደርደር ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ፕሮግራሙ ይህን እንዲያከብር ማድረግም ቀላል ነው። ከተለመደው ቅንፍ ውስጥ ሌላ ቅንፍ ጨምሮ ሙሉ ስሙን ማቀፍ ይበቃል፤ ያኔ ቢብቴክ ስሙን እንደ አንድ ነገር ቆጥሮ ከመጀመሪያው ፊደል፣ ከተ፣ ይደረድረዋል። ድርድሩ የዩኒኮድን ቁጥር ስለሚከተል ሀ ሁ ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል። ኃይሌን አንዱ በኃ፣ ሌላው በሀ ከጻፈው ግን ስሙ በሁለት ቦታ ይለያያል፤ ይህን ማሽኑ ስለማያርመው ጸሐፊው ሥራውን ሲጀምር የሚጠቀምበትን አጻጻፍ ወስኖ እስከ መጨረሻው በዚያ ይጽና።